ረሃብን የሚዘጋው ክኒን ልብንም ይነካል፦ ለሕዝብና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማሳሰቢያ

ፌንተርሚን የሚባል ክኒን አለ። ክብደት ለመቀነስ በሐኪም የሚታዘዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1959 ፈቃድ አግኝቶ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ ዛሬ በየፋርማሲው ይሸጣል። ዛሬ ስማቸው ከገነነው የማክሻ መርፌዎች ጋር ሲተያይ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይተርፋል፤ የተረፈው ለሰው ይሰጣል። እኅት ለእኅቷ በመንገደኛ ትልካለች። ሠርጓ የደረሰ ሙሽራ ከጓደኛዋ ትቀበላለች። ከወለደች ወዲህ የድሮ ልብሷ አልገባ ያላት እናት ደግሞ ከጎረቤቷ ትጠይቃለች። ሰጪውም ተቀባዩም ክፉ አላሰቡም። የሚያሰጋኝም ይኸው ነው፤ በፍቅር የተሰጠን ነገር ማንም አይጠረጥርምና።

ይህ ማሳሰቢያ መድኃኒቱን ለማውገዝ አልተጻፈም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ራሱ በሽታ ነው። ስኳርን፣ ደም ግፊትንና የመገጣጠሚያ ሕመምን ይጋብዛል፤ ሰው መታከም መፈለጉም ተገቢ ነው። ሐኪም መርምሮ፣ ግፊት ለክቶ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብሎ ያዘዘው ፌንተርሚን አንድ ነገር ነው። ማንም ሳይመረምር ተጀምሮ መቼ እንደሚቆም ሳይታወቅ የሚዋጠው ግን ሌላ ነው። የምናገረው ስለዚህኛው ነው።

ክኒኑ የሚሠራው ሆድ ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው። ፌንተርሚን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ሲሆን ኖርአድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ከነርቮች እንዲለቀቅ ያደርጋል። ይህ ንጥረ ነገር ሰው ሲደነግጥ በሰውነቱ ውስጥ የሚበዛው ነው። የደነገጠ ሰው ምግብ አያምረውም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አፉ ይደርቃል። ክኒኑን የዋጠ ሰው ምንም ያስደነገጠው ነገር ሳይኖር ሰውነቱ ለሰዓታት በዚህ ሁኔታ ይቆያል። ረሃቡን ያጠፋውና ልቡን ያስሮጠው ያው አንድ ንጥረ ነገር ነው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ አይቻልም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንጎል ክኒኑን ይለምደዋል፤ ረሃቡም ይመለሳል። እዚህ ላይ የመድኃኒቱ መመሪያ ግልጽ ነው፦ መጠኑ አይጨመርም፣ መድኃኒቱ ይቆማል። ያለ ሐኪም የሚወስድ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። አንዱ አልሠራ ሲለው ሁለት ይውጣል፤ የጠዋቱን ከሰዓት በኋላም ይደግመዋል። ከዋጠው መድኃኒት ግማሹ እንኳ ከደም ለመውጣት 20 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን ያድራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ያለ ምክንያት ይጨነቃል፣ የሚቀርቡትንም መጠርጠር ሊጀምር ይችላል። ልተወው ሲል ድካምና ድብርት ይጫኑታል፤ ከዚያ ለመሸሽ ወደ ክኒኑ ይመለሳል። ፌንተርሚን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የአእምሮ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጫት የሚያውቅ አንባቢ ይህ ሁሉ አዲስ አይሆንበትም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ይዛመዳል። ቃሚ ምሳውን ጠግቦ በልቶ የሚቀመጠው ከቃመ በኋላ ምግብ እንደማይቀምስ ስለሚያውቅ ነው። አምፌፕራሞን የሚባለው የማክሻ መድኃኒት ደግሞ ከዚሁ ከካቲኖን የኬሚካል ቤተሰብ የተሠራ ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ ኖሮ በ2022 የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ የደኅንነት ኮሚቴ ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከሦስት ወር በላይ አይወሰድ፣ ነፍሰ ጡር አትውሰደው የሚል መመሪያ ነበረው፤ መመሪያው ግን አልተከበረም። ሰዎች ከሦስት ወር አልፈው ወሰዱት፣ ነፍሰ ጡሮችም ወሰዱት። ይህ የሆነው ማዘዣ ተፈትሾ መድኃኒት በሚሰጥበት አህጉር ነው። በመንገደኛ የሚላክ ክኒን ግን ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚደርሰው፤ መመሪያው የተጻፈበት ወረቀት አብሮት አይመጣም።

ስለዚህ ይህን በግልጽ ልናገር። ጠዋት የማክሻ ክኒን ውጦ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው በአንድ ልብ ላይ አንድ ዓይነት ጫና ሁለት ጊዜ ይጭናል። ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጥ ሲጨምርበት ሰውነቱ የሚያደነዝዝና የሚያነቃ ነገር በአንድ ሌሊት ይሻማበታል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ የሚጾም ሰው በድርቀት ላይ ይህን ክኒን ሲያክልበት የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ለጉንፋን የሚሸጡ አንዳንድ አፍንጫ የሚከፍቱ ክኒኖችም ከእሱ ጋር አይስማሙም፤ እነሱም ግፊት ይጨምራሉና። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ከእሱ ጋር ሲገጥሙ ግፊትን በድንገት እስከ አደገኛ ደረጃ ያደርሳሉ። የስኳር ሕመምተኛ መብላት ሲቀንስ የኢንሱሊኑ መጠን መስተካከል ይኖርበታል፤ ካልተስተካከለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የጎረቤት ክኒን እነዚህን ጥያቄዎች አይጠይቅም። ሐኪም ግን ይጠይቃል።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ደጋግሞ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የማክሻ ክሊኒኮች በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ክኒኖችን በብዛት ያድሉ ነበር። በውስጣቸው አምፌታሚን፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትና ዲጂታሊስ የሚባለው የልብ መድኃኒት ነበሩ። ሽንት የሚያበዛው ፖታሲየምን ከሰውነት ያወጣል፤ ፖታሲየም ባነሰው ልብ ላይ ደግሞ ዲጂታሊስ መርዝ ይሆናል። የሞቱ ሴቶች ነበሩ። በ1965 በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ አሚኖሬክስ የሚባል ሌላ የማክሻ መድኃኒት ገበያ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ይመጡ ጀመር፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄዱት የደም ሥሮቻቸው ጠበው ነበር። መድኃኒቱ በ1968 ከገበያ ወጣ። ለአንዳንዶቹ ግን ረፍዶ ነበር፤ ይህ በሽታ መድኃኒቱ ስለቆመ ብቻ ሁልጊዜ አይድንምና።

ከሁሉም ይልቅ በ1990ዎቹ አሜሪካ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይገባል። ፌንተርሚን ፌንፍሉራሚን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ መታዘዝ ጀመረ። ሁለቱም ለየብቻቸው ፈቃድ ነበራቸው፤ ጥምረታቸው ግን ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም። ቢሆንም ሰው ይከሳ ነበርና ማንም ሊያቆመው አልፈለገም። በ1996 ብቻ ለሁለቱ መድኃኒቶች ከ18 ሚሊዮን በላይ ማዘዣዎች ተጻፉ። በሰሜን ዳኮታ፣ ፋርጎ ከተማ፣ የልብ አልትራሳውንድ የምታነሳ አንዲት ባለሙያ በወጣት ሴቶች ላይ ያልለመደችውን ዓይነት የቫልቭ ጉዳት ተመለከተች። ያየችውን ቸል አላለችውም። የከተማዋ ሐኪሞችና የሜዮ ክሊኒክ ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ተከታትለው በ1997 ነሐሴ ወር የ24 ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። አማካይ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ ለአንድ ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በፊት የልብ በሽታ አልነበረባቸውም። ስምንቱ በሳንባቸው የደም ሥሮች ላይ አዲስ የግፊት ሕመም ተገኘባቸው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ቫልቭ ሲታይ በነጭ፣ በሚያብረቀርቅ ነገር ተሸፍኖ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጣ።

እውነቱን በሙሉ መናገር ያስፈልጋል። ቫልቭ በማበላሸት በዋናነት የተጠየቀው ፌንፍሉራሚን ነው፤ ፌንተርሚን ገበያ ላይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከመመሪያው ላይ ግን የልብና የሳንባ ማስጠንቀቂያው አልተነሣም። የልብ ሕመም ያለበት፣ የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ የሚሠራ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ያለበት፣ ከዚህ በፊት በሱስ የተያዘ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት እንዳይወስዱት ዛሬም ተጽፏል።

ፈረንሳይ ደግሞ ከዚህም የዘገየች ናት። የፌንፍሉራሚን ዘመድ የሆነው ሜዲያቶር በ1976 ለስኳር ሕመምተኞች ተብሎ ወጣ፤ ብዙ ሰዎች ግን ለመክሳት ይወስዱት ነበር። በብሬስት ከተማ የምትሠራ ኢሬን ፍራሾን የተባለች የሳንባ ሐኪም የሕመምተኞቿ ቫልቭ ለምን እንደሚበላሽ እየመዘገበች፣ እየቆጠረች ባለሥልጣናትን እስኪሰሟት ወተወተች። መድኃኒቱ በ2009 ቆመ። በ33 ዓመታት ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወስደውታል። በ2021 የፓሪስ ፍርድ ቤት አምራቹን በማታለልና ባለማወቅ ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው። ያ አገር ሐኪም አልጎደለውም፤ የጎደለው ምልክቱ ሲታይ በጊዜ የሚመዘግብና የሚሰማ ሰው ነበር።

እኛ አገር ይህ ሁሉ ከበድ ብሎ የሚመጣበት ምክንያት አለ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብ ቫልቭን እንደሚጎዳ ብዙ ቤተሰብ ያውቃል፤ በየሆስፒታሉ የልብ ክፍል ቫልቫቸው የጠበበ ወይም የላላ ወጣቶች ወረፋ ይጠብቃሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ እስከ አንድ ቀን ድረስ ጤነኛ ነን ብለው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ደም ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ሳይለካ አይታወቅም፣ ሳይታወቅም ለዓመታት ይኖራል። ቫልቩ የጠበበ ልብ ሲሮጥ ደም ለመሙላት ጊዜ ያጣል፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለስና ሰውየው ይታፈናል። አንዲት ወጣት ሴት ለሠርግ ብላ የጀመረችው ክኒን ከዚህ ቀደም ያላወቀችውን የልብ ችግር ድንገት ሊያጋልጠው ይችላል። ክኒኑ ለጤነኛ ልብ ተብሎ በሐኪም እጅ የተሰጠ ነው። የእናንተ ልብ ጤነኛ መሆኑን ማን አይቶ ነገራችሁ?

ሌላም አደጋ አለ፤ ማዘዣ የሌለው። ሲቡትራሚን የሚባለው የማክሻ መድኃኒት የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጦ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከፋርማሲ ወጣ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የተፈጥሮ ዕፅ ናቸው ተብለው በሚሸጡ የማክሻ ሻዮች፣ ቡናዎችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ማግኘቱን ደጋግሞ አስታውቋል። ማሸጊያው ላይ ስሙ አይጻፍም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የቦርጭ ማጥፊያ ተብሎ የሚቀርብ ሻይ ሁለት ቀን ጠጥታችሁ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ልባችሁ ቶሎ ቶሎ ከመታና እንቅልፍ ካጣችሁ፣ የጠጣችሁት ቅጠል ብቻ ላይሆን ይችላል።

ተማሪዎችንም ማስጠንቀቅ ይገባል። ትኩረት ማጣት ላለባቸው ልጆችና አዋቂዎች የሚታዘዙት አምፌታሚን ያለባቸው ክኒኖች አብዛኞቹ ለመክሳት አልተፈቀዱም። በውጭ የሚያድጉ ልጆቻችን ግን ከክፍል ጓደኛ ተቀብለው ለፈተናም ለመክሳትም ይውጧቸዋል የሚል ስጋት አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ሳህን ሳይነካ ሲመለስ፣ ሌሊት መብራቱ ሳይጠፋ ሲያድር፣ ቁጡ ሲሆን፣ ቁጭ ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁት። አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይደብቃችኋል።

ወደ ገልፍ አገሮች ለሥራ የምትሄዱ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ ይህን አትርሱ። በእነዚያ አገሮች የአምፌታሚን ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ከባድ ወንጀል ነው። ሰው አድርሱልኝ ብሎ የሰጣችሁ የማክሻ ክኒን እስር ቤት ሊያስገባችሁ ይችላል። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ክኒን በሻንጣችሁ አትቀበሉ።

አሁን ክኒኑን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ሰዎች ተረጋጉ። አንድ ሁለት ክኒን የዋጠ ሁሉ አይታመምም። ግን ነገ ሳይሆን ዛሬ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ግፊታችሁን ተለኩ። የምትውጡትን ክኒን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫት የምትቅሙ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። ለወራት የወሰደ ሰው በሐኪም እየተመራ ያቁም። ቀድሞ ያለ ችግር የምትወጡት ደረጃ ትንፋሽ ካሳጠራችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ደረታችሁ ከታመመ፣ ልባችሁ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ክኒኑን እዚያው አቁማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ድረሱ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጠበል ልሂድ ወይም ልተኛበት ማለት የአንጎልን ጉዳት ያባብሳል። መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ከነጭራሹ አትንካው። በተለይ ፌንተርሚን ቶፒራሜት ከሚባል መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ክኒን አለ፤ ቶፒራሜት በማኅፀን ያለ ልጅ ላይ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ሊያስከትል ይችላል።

ለፋርማሲ ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። እናንተ ሕዝቡ የሚያገኛችሁ የመጨረሻ ጠባቂዎች ናችሁ። ያለ ማዘዣ አትስጡ። ደንበኛው ሌላ ቦታ እንደሚያገኘው ቢነግራችሁም አትስጡ። ሐኪሞችም ለመክሳት መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ግፊት ለኩ፣ ልብ አዳምጡ፣ ስለ ጫት ጠይቁ፣ የማቆሚያውን ቀን ማዘዣው ላይ ጻፉ። በሽተኛው ቀጠሮውን ሲያሳልፍ ደውሉለት።

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ለጤና ሚኒስቴር የምለው ደግሞ ይህ ነው። ሥራችሁ ብዙ፣ ባለሙያችሁ ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም የማክሻ ሻይና እንክብል በየሱቁና በየስልኩ ሲሸጥ ናሙና ወስዳችሁ በላቦራቶሪ መርምሩ፤ ሲቡትራሚን የተገኘበትን ስሙን ጠርታችሁ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ንገሩን። የጤና ባለሙያዎች የመድኃኒት ጉዳት ሲያዩ የሚያሳውቁበት አሠራር በወረቀት ላይ እንዳይቀር፤ ከገጠር ጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት ሪፖርት መልስ ካላገኘች ሁለተኛዋ አትላክም። ጉምሩክም ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ክኒኖች ከሌላው መድኃኒት ለይተው የሚያውቁ ሠራተኞች ያስፈልጉታል። በውጭ አገር ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የጤና ቀን ሲያዘጋጁ የግፊት መለኪያውን ካወጡ አይቀር ስለነዚህ ክኒኖችም በአማርኛ ይንገሩ።

በመሳቢያችሁ ውስጥ በሌላ ሰው ስም የታዘዘ የማክሻ ክኒን ካለ ዛሬ አውጡት። አትዋጡት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት፤ ወደ ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።